ቨርቹዋል ሆስት ምንድን ነው? አንድ የቤት ሰርቨር፣ ብዙ ሳይት

ቤት ውስጥ ያለ ሥራ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ ሊኑክስ ጭናችሁበት ዌብ ሰርቨር፣ ማለትም ብራውዘር ሲጠይቀው ገጽ የሚሰጥ ማሽን፣ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ባትሪው ደህና ከሆነ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ወዲያው አይሞትም፣ ለኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገጹን የሚያቀርብ ፕሮግራም፣ አፓቺን ወይም ኤንጂንኤክስን፣ ትጭናላችሁ፣ አንድ ገጽ ታስቀምጣላችሁ፣ ይሠራል። ጥያቄው የሚመጣው ሁለተኛ ሳይት ስትፈልጉ ነው። አንዱ የቤተሰብ ፎቶ ማስቀመጫ ነው እንበል፣ ሌላው የራሳችሁ ብሎግ፣ ሦስተኛው ገና እየተማራችሁ የምትሞክሩበት። ማሽኑ አንድ፣ በኔትወርክ ላይ የሚገኝበት ቁጥር፣ አይፒ አድራሻውም፣ አንድ። ታዲያ ሰርቨሩ የትኛውን ገጽ መስጠት እንዳለበት በምን ያውቃል?

ቨርቹዋል ሆስት ማለት ይህንን ማሳወቂያ መንገድ ነው። አንድ ሰርቨር ብዙ ሳይቶችን ያስተናግዳል፤ እያንዳንዱ ሳይት የራሱ ስም፣ የራሱ ፎልደር፣ የራሱ ሴቲንግ ይኖረዋል። ከቨርቹዋል ማሽን ጋር አታምታቱት። እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር የለም። የሚሠራው ያው አንዱ አፓቺ ነው፤ ሴቲንጉ ውስጥ ግን «በዚህ ስም ከጠየቁህ ይህን ፎልደር፣ በዚያኛው ከጠየቁህ ያኛውን» የሚል ትእዛዝ ተጽፎለታል።

ስሙን ከየት ያገኘዋል? ብራውዘር ላይ የሳይቱን ስም ስትጽፉ ዲኤንኤስ ስሙን ወደ አይፒ ቁጥር ይለውጠዋል፣ ብራውዘሩም ወደዚያ ቁጥር ይሄዳል። ቁጥሩን አገኘሁ ብሎ ግን ስሙን አይጥለውም። ጥያቄውን ሲልክ ሆስት በሚባል አንድ መስመር ላይ የምትፈልጉትን ሳይት ስም ጽፎ አብሮ ይልከዋል። ሰርቨሩ መስመሩን ያነብና ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል። ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ በር ላይ ዘበኛው «ማንን ነው የምትፈልጉት?» ብሎ ጠይቆ እንደሚያስገባው ማለት ነው። ሁሉም ነገር በዚያች አንዲት መስመር ላይ ነው የቆመው።

ድሮ መስመሯ ግዴታ አልነበረችም። ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ ኤችቲቲፒ ይባላል፤ በ1.0 እትሙ ብራውዘሩ «ይህን ገጽ ስጠኝ» ብቻ ማለት ይበቃው ነበር፣ የማንን ገጽ እንደሆነ ሳይናገር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሳይት የተለየ አይፒ መመደብ የግድ ነበር። የአይፒ ቨርዥን 4 አድራሻ በጠቅላላው ወደ 4.3 ቢሊዮን ብቻ ስለሆነ በዚያ አካሄድ ሩቅ አይኬድም። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤችቲቲፒ 1.1 ሆስትን ግዴታ አደረገ። ዛሬ ቤታችሁ ባለው አንድ አድራሻ የፈለጋችሁትን ያህል ሳይት የምትከፍቱት በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ አፓቺ «ሳይትስ አቬይለብል» የሚባል ፎልደር አለው፣ እዚያ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሳይት አንድ ፋይል ትጽፋላችሁ። ሁሉንም በአንድ ፋይል ማጎር ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም፤ አንዱን ሳይት ማጥፋት ስትፈልጉ ትቸገራላችሁ። ፋይሉ ውስጥ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ ስሙን የሚናገረው ሰርቨርኔም እና ፎልደሩን የሚያመለክተው ዶክዩመንትሩት። ሳይቱ ሌላ ስም ካለው ሰርቨርአሊያስ ትጨምራላችሁ። ከዚያ ኤቱኤንሳይት በሚለው ትእዛዝ ታበሩታላችሁ፣ ኮንፊግቴስት አድርጋችሁ ስህተት እንደሌለው ታያላችሁ፣ አዲሱን ሴቲንግ እንዲያነብ አፓቺን ሪሎድ ታደርጋላችሁ። ኤንጂንኤክስ ላይ ያው ነገር ሰርቨር ብሎክ ይባላል።

አሁን ብዙ ሰው ሰዓታት ወደሚያጠፋበት ጉዳይ እንምጣ። የተጠየቀው ስም ከየትኛውም ሳይት ጋር ካልተመሳሰለ ሰርቨሩ «አላውቀውም» አይልም። መጀመሪያ ያነበበውን ሳይት ይሰጣል። አፓቺ ፋይሎቹን በፊደል ተራ ስለሚያነብ ነው የዴቢያኑ ዲፎልት ፋይል በሦስት ዜሮ የሚጀምረው። ሰርቨርኔም ላይ አንዲት ፊደል ከተሳሳታችሁ፣ ወይም ሳይቱን ማብራት ከረሳችሁ፣ የሚመጣው ያ የመጀመሪያው ገጽ ነው፤ እናንተም አዲሱን ሳይት ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ፣ ችግሩ ግን እዚያ የለም። «ለምን የድሮው ገጽ ይመጣል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መጀመሪያ ስሙን ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ሌላም አለው። ኢንተርኔት ላይ አይፒ ቁጥሮችን በተራ እያንኳኩ የሚዞሩ ሮቦቶች አሉ፣ ስም አይጠሩም፣ በቁጥር ነው የሚመጡት። የሚያገኙት ያንኑ የመጀመሪያውን ሳይት ነው። የቤተሰብ ፎቶ እዚያ ቦታ ላይ እንዳይሆን እባካችሁ! የመጀመሪያውን ባዶ ገጽ አድርጉት። ኤንጂንኤክስ ላይ ደግሞ ዲፎልት ሰርቨሩ 444 የሚለውን ኮድ እንዲመልስ ብታደርጉ ምንም ሳይናገር ግንኙነቱን ይዘጋዋል።

ዶሜይን (የኢንተርኔት ስም) ሳትገዙ ቤት ውስጥ ለመሞከር ሆስትስ የሚባለው ፋይል ይበቃል። በምትጠቀሙበት ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ የሰርቨሩን የቤት አይፒ፣ ለምሳሌ 192.168.1.20፣ ከጎኑ ደግሞ የሳይቱን ስም ትጽፋላችሁ። መጨረሻው ነጥብ ቴስት የሆነ ስም ምረጡ፣ ለሙከራ ተብሎ የተተወ ነው። ነጥብ ዴቭን ተዉት፣ ክሮም ያለ ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም ከተመሰጠረው ኤችቲቲፒ ውጭ፣ አይከፍተውም።

ከውጭ እንዲታይ ካሰባችሁ ራውተሩ ላይ ሁለት ፖርቶችን (የግንኙነት በሮችን)፣ የኤችቲቲፒውን 80ን እና የኤችቲቲፒኤሱን 443ን፣ ወደ ላፕቶፑ ምሩ። አንዴ ብቻ። ለእያንዳንዱ ሳይት ሌላ ፖርት መክፈት አያስፈልግም፣ መለየቱ የሰርቨሩ ሥራ ነው። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ከውጭ ካልገባ ራውተሩ የተሰጠውን አይፒ እዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ አድራሻውን ከሌሎች ደንበኞች ጋር ነው የምትጋሩት፣ ፖርት መምራቱም አይሠራም። በዚህ ጊዜ የሳይቱን ፋይል አትነካኩ፤ አቅራቢውን የራሳችሁ ፐብሊክ አይፒ ጠይቁት።

የቀረው ኤችቲቲፒኤስ ነው። እዚያ ላይ የሳይቱን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፊኬት የሚታየው የሆስት መስመር ከመነበቡ በፊት ስለሆነ ብራውዘሩ ስሙን ገና ሲገናኝ ቀድሞ ይናገራል፤ ይህ ኤስኤንአይ ይባላል፣ የዛሬ ብራውዘሮች ሁሉ ያውቁታል። ሰርተፊኬቱን ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ይሰጣል፣ ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ እየተከታተለ ያድሰዋል። አዲስ ሳይት ስትጨምሩ ለፖርት 80 ብቻ ጽፋችሁ 443ን ከረሳችሁ ግን የሌላኛው ሳይታችሁ ሰርተፊኬት ይመጣና ብራውዘሩ በቀይ ያስጠነቅቃል። ሰርትቦትን ለአዲሱም ስም አስኪዱት፣ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል።