የኢንዱስትሪ መዋዕለ ንዋይ በሕንድ ግዛቶች፦ ፖሊሲ፣ መሬት፣ ኃይልና ወደብ

ሕንድ 28 ግዛቶችና በማዕከላዊው መንግሥት ሥር የሚተዳደሩ 8 አካባቢዎች ያሏት አገር ስትሆን፣ ፋብሪካ ለመትከል የሚመጣ ባለሀብት ከኒው ዴልሂ ይልቅ አዘውትሮ ደጅ የሚጠናው በግዛቱ መንግሥት ዘንድ ነው። ምክንያቱ በሕገ መንግሥቱ ሰባተኛ ሠንጠረዥ ላይ ይገኛል። ባቡር፣ ትልልቅ ወደቦች፣ የጉምሩክ ቀረጥና የገቢ ግብር በማዕከላዊው መንግሥት ሥልጣን ሥር ሲሆኑ፣ መሬት፣ ውኃ፣ ፖሊስና የአካባቢ አስተዳደር ለግዛቶች ተሰጥተዋል፤ ኤሌክትሪክ፣ የሠራተኛ ጉዳይና አነስተኛ ወደቦች ደግሞ ሁለቱም ሕግ የሚያወጡባቸው የጋራ ጉዳዮች ናቸው። ስለዚህ አንድ ፋብሪካ የመጀመሪያ ምርቱን ከማውጣቱ በፊት የሚያስፈልጉት መሬት፣ የኃይል መስመር፣ የውኃ ቧንቧና የግንባታ ፈቃድ በአብዛኛው በግዛቱ ቢሮዎች በኩል ያልፋሉ። በዜና ጎልቶ የሚወጣው የግብር እፎይታ ቢሆንም፣ የግዛቶቹን ልምድ በቅርብ የተመለከተ ሰው የሚገነዘበው ግን ፋብሪካን ስቦ የሚያቆየው ክርክር የሌለበት መሬት፣ የማይቆራረጥ ኃይል፣ ቅርብ ወደብና ቃሉን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት መሆኑን ነው።

ከፈቃድ ዘመን ወደ ፉክክር

እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የኢንዱስትሪ ልማትና ቁጥጥር ሕግ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ከፍ ያለ ፋብሪካ ለመትከል፣ ለማስፋፋት፣ አልፎ ተርፎም አዲስ ዓይነት ምርት ለመጀመር ከማዕከላዊው መንግሥት ፈቃድ ማውጣትን ግዴታ አድርጎ ነበር። በዚያ ሥርዓት ውስጥ የግዛቶች ፉክክር ባለሀብቱን በማሳመን ሳይሆን በኒው ዴልሂ የሚገኙ ሚኒስቴሮችን በማግባባት ይካሄድ ነበር። ከ1952 ጀምሮ የተሠራበት የማጓጓዣ ዋጋ ማመጣጠኛ ፖሊሲ ደግሞ ብረትና ሲሚንቶን የመሳሰሉ መሠረታዊ ግብአቶች በአገሪቱ በየትኛውም ቦታ በተቀራራቢ ዋጋ እንዲደርሱ የማጓጓዣውን ወጪ ይሸፍን ነበር። ይህ ለምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ጉዳት ሆነ፤ ማዕድኑ በደጃቸው የሚገኘው ቢሃር፣ ኦዲሻና ምዕራብ ቤንጋል ተፈጥሮ የሰጠቻቸውን ብልጫ ሲያጡ፣ በባሕር ዳርቻ ያሉት ማሃራሽትራ፣ ጉጃራትና ታሚል ናዱ ያንኑ ብረት ያለ ተጨማሪ ወጪ እያገኙ በወደባቸውና በገበያቸው ተጠቀሙ። ፖሊሲው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቢሰረዝም፣ በእነዚያ አርባ ዓመታት የተተከለው ፋብሪካና የሠለጠነው ሠራተኛ እዚያው ቀርቷል። ዛሬ በግዛቶቹ መካከል የሚታየውን የኢንዱስትሪ ልዩነት በአስተዳዳሪዎች ብርታትና ስንፍና ብቻ ማስረዳት ስለዚህ ፍትሐዊ አይደለም።

በሐምሌ 1991 የጠቅላይ ሚኒስትር ናራሲማ ራኦ መንግሥት፣ ማንሞሃን ሲንግ የገንዘብ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ ከ18 ዘርፎች በስተቀር የፈቃድ ግዴታውን አነሣ። ፋብሪካው የት ይተከል የሚለው ውሳኔ ወደ ባለሀብቱ ሲዛወር ግዛቶች በአንድ ጊዜ ተፎካካሪዎች ሆኑ።

የመጀመሪያው መሣሪያ የሽያጭ ታክስ ነበር። አንዱ ግዛት ለተወሰኑ ዓመታት ታክሱን ሲምር ጎረቤቱ ዘመኑን ያራዝማል፤ በዚህ ሁኔታ ሁሉም ገቢያቸውን እየሸረሸሩ መሄዳቸውን ስላዩ በ1999 መጨረሻ የየግዛቱን መንግሥት የሚመሩት ዋና ሚኒስትሮች ዝቅተኛ የታክስ ልክ እንዲኖርና በሽያጭ ታክስ ላይ የተመሠረቱ ማበረታቻዎች ከጥር 2000 ጀምሮ እንዲቆሙ ተስማሙ። ስምምነቱ ግን ፉክክሩን መልኩን እንዲለውጥ እንጂ እንዲቆም አላደረገውም፤ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ አገር አቀፉ የዕቃዎችና የአገልግሎቶች ታክስ ከተተገበረ ወዲህም ብዙ ግዛቶች ባለሀብቱ የከፈለውን የግዛቱን ድርሻ ከበጀታቸው ይመልሱለታል። የግብር ማበረታቻ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ በደንብ የሚያሳየው በ2003 ማዕከላዊው መንግሥት ለሂማቻል ፕራዴሽና ለኡታራካንድ የሰጠው የኤክሳይስና የገቢ ግብር እፎይታ ነው። በእፎይታው ምክንያት ብዙ የመድኃኒት አምራቾች በሂማሊያ ግርጌ ወደምትገኘው ባዲ ከተማ ገብተው አካባቢውን ከአገሪቱ ዋና ዋና የመድኃኒት ማምረቻዎች አንዱ አደረጉት። መድኃኒት ክብደቱ ቀላል፣ ዋጋው ከፍተኛ በመሆኑ ከወደብ መራቁ ብዙም አይጎዳውም። የብረት ማቅለጫ ወይም የመኪና መገጣጠሚያ ግን በግብር እፎይታ ብቻ ተራራ ሥር አይሄድም።

የመሬት ጥያቄ

ግዛቶች ለባለሀብት መሬት የሚያቀርቡት በአብዛኛው ለዚሁ ባቋቋሟቸው የኢንዱስትሪ ልማት ኮርፖሬሽኖች አማካይነት ነው። የማሃራሽትራና የጉጃራት ኮርፖሬሽኖች በ1962፣ የካርናታካው ቦርድ በ1966፣ የታሚል ናዱው ሲፕኮት ደግሞ በ1971 ተመሥርተዋል። አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው፤ ሰፊ መሬት ይይዛሉ፣ መንገድ ያወጣሉ፣ ፍሳሽ ማስወገጃና የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ይሠራሉ፣ ከዚያም ሸንሽነው ለረጅም ዘመን፣ ብዙ ጊዜ ለ99 ዓመት፣ በሊዝ ይሰጣሉ። የጉጃራቱ ኮርፖሬሽን ብቻውን ከ200 በላይ የኢንዱስትሪ መንደሮች አሉት። ይህ አሠራር ለአነስተኛና ለመካከለኛ አምራች ያለው ጥቅም የላቀ ነው፤ ትልቁ ኩባንያ የራሱን ጠበቃና መሐንዲስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ሃምሳ ሠራተኛ ያለው አምራች ግን ከብዙ ገበሬዎች ቁርጥራጭ ማሳ እየገዛና የባለቤትነት ሰነድ እያጣራ ፋብሪካ ሊተክል አይችልም።

መሬቱ ከማን እጅና በምን አኳኋን ተወሰደ የሚለው ግን ትልቁ ፈተና ነው። በ2006 የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ለታታ ሞተርስ የናኖ መኪና ፋብሪካ በሲንጉር 997 ኤከር የእርሻ መሬት አስለቀቀ። መሬቱ ዓመቱን ሙሉ የሚታረስ ለም መሬት ነበር፤ የተነሡት ገበሬዎች ከፊሎቹ ካሳውን አንቀበልም አሉ፣ የግዛቱ ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ማማታ ባነርጂ የመሩት ተቃውሞም መንገድ እስከ መዝጋት ደረሰ። በመጋቢት 2007 ደግሞ እዚያው ግዛት ውስጥ በናንዲግራም ለኬሚካል ኢንዱስትሪ ልዩ የኢኮኖሚ ዞን በታቀደው መሬት ጉዳይ ፖሊስ ተኩሶ 14 ሰዎች ሞቱ። በጥቅምት 2008 ታታ ግንባታው እየተገባደደ ያለውን ፋብሪካ ትቶ መውጣቱን ባስታወቀ በአራተኛው ቀን ፋብሪካውን በሳናንድ ለመትከል ከጉጃራት መንግሥት ጋር ተፈራረመ። ጉጃራት ያቀረበው 1,100 ኤከር ያህል ቀድሞውኑ በመንግሥት እጅ የነበረና የግብርና ዩኒቨርሲቲ ይጠቀምበት የነበረ መሬት ስለነበር የሚፈናቀል ገበሬ ጥያቄ አልተነሣም፤ እጅግ ዝቅተኛ ወለድ ያለው ብድርም ታክሎበታል። ፋብሪካው በሰኔ 2010 ተመረቀ።

የሲንጉር ጉዳይ ከዚያ በኋላም አላበቃም። ምዕራብ ቤንጋልን ከ1977 ጀምሮ የመራው የግራ ክንፍ ግንባር በ2011 ምርጫ ከሥልጣን ወረደ፤ በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መሬቱ የተወሰደበት ሂደት ሕገ ወጥ መሆኑን ወስኖ ለባለቤቶቹ እንዲመለስ አዘዘ፤ በ2023 ደግሞ የግልግል ዳኞች የግዛቱ የኢንዱስትሪ ልማት ኮርፖሬሽን ለታታ ሞተርስ ወደ 7.66 ቢሊዮን ሩፒ ከነወለዱ እንዲከፍል ወሰኑ። በችኮላ የተወሰደ መሬት ገበሬውንም፣ ባለሀብቱንም፣ የግዛቱንም ግምጃ ቤት እንዴት አንድ ላይ እንደሚጎዳ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በኦዲሻም የደቡብ ኮርያው ፖስኮ በ2005 የ12 ቢሊዮን ዶላር የብረት ፋብሪካ ለመትከል ተፈራርሞ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት የመሬትና የደን ክርክር በኋላ በ2017 ለቅቆ ወጥቷል።

እነዚህ ግጭቶች ከቅኝ ግዛት ዘመን የቆየውን የ1894 የመሬት ማስለቀቂያ ሕግ ለማሻር ምክንያት ሆኑ። ከጥር 2014 ጀምሮ የጸናው አዲሱ ሕግ መሬት ለግል ኩባንያ ሲወሰድ ከባለይዞታዎቹ 80 በመቶ፣ መንግሥትና የግሉ ዘርፍ በጋራ ለሚሠሩት ፕሮጀክት ሲሆን 70 በመቶ የሚሆኑት እንዲስማሙ ይጠይቃል፤ ካሳውም በገጠር ከገበያው ዋጋ እስከ አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ባለሀብቶች ሕጉ ዋጋ አስወደደብን፣ ጊዜ አራዘመብን ይላሉ። ከሲንጉርና ከናንዲግራም በኋላ ግን የገበሬውን ፈቃድ የወጪ ዝርዝር ውስጥ አለማስገባት ለማንም አልረከሰም።

ኃይል፣ ውኃና ወደብ

በሕንድ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለረጅም ጊዜ ኢንዱስትሪው ከዋጋው በላይ እየከፈለ ለገበሬውና ለመኖሪያ ቤቱ ድጎማ እንዲሆን ተደርጎ የተቀመጠ ነው። ለፖለቲካ ምቹ ይሁን እንጂ ውጤቱ ኃይል አከፋፋዮቹ በኪሳራ እንዲዘፈቁና ፋብሪካዎች በናፍጣ ጄኔሬተር እንዲሠሩ ማድረግ ነበር። ጉጃራት ከ2003 እስከ 2006 ባካሄደው የጅዮቲግራም ፕሮግራም የገጠሩን መስመር ለሁለት ከፈለው፤ የመስኖ ፓምፖች በተለየ መስመር በተወሰነ ፕሮግራም በቀን ስምንት ሰዓት ሙሉ ኃይል ሲያገኙ፣ የመንደሮቹ ቤቶችና አነስተኛ ማምረቻዎች ሌት ተቀን እንዲበራላቸው ሆነ። በ2005 የግዛቱ የኤሌክትሪክ ቦርድ ማመንጫው፣ ማስተላለፊያውና ማከፋፈያው ተለያይቶ በሰባት ኩባንያዎች ተዋቀረ። ይህ የመስመር ሥራ እንደ ግብር እፎይታ ለዜና የሚመች አልነበረም፤ ለአምራቹ የሰጠው ጥቅም ግን ከብዙ እፎይታ ይበልጣል።

የጉጃራት ሌላው ብልጫ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የባሕር ዳርቻው ነው። ትልልቆቹ ወደቦች የማዕከላዊው መንግሥት ስለሆኑ ግዛቱ በ1982 የባሕር ቦርድ አቋቁሞ በሥልጣኑ ሥር ያሉትን ትንንሽ ወደቦች ማልማት ጀመረ፤ በ1995 ባወጣው ፖሊሲም የግል ባለሀብቶች ወደብ ገንብተው ለተወሰነ ዘመን ካስተዳደሩ በኋላ ለመንግሥት እንዲያስረክቡ በሩን ከፈተ። በ1998 ሥራ የጀመረው ሙንድራ፣ በሕጉ አነጋገር «ትንሽ» ከሚባሉት መካከል ቢሆንም፣ ዛሬ በሕንድ ትልቁ የግል ወደብ ነው። ወደቡን ከዋናው ሐዲድ ጋር ያገናኘው ወደ 64 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባቡር መስመርም በባለወደቡ ኩባንያ የተሠራ ነው።

ታሚል ናዱ በሌላ መንገድ ሄደ። ሃዩንዳይ በ1996 በቼናይ አቅራቢያ በስሪፐሩምቡዱር አካባቢ ሲገባ መለዋወጫ የሚያቀርቡለትን የኮርያ ኩባንያዎች አስከትሎ መጣ፤ የአገሬው አቅራቢዎችም ጥራታቸውን አሳደጉ። ከዚያ በኋላ የመጣው አምራች በአቅራቢያው የተዘጋጀ አቅራቢ፣ የሠለጠነ ሠራተኛና የቼናይና የኤኖር ወደቦችን አገኘ። ሬኖ ኒሳን በ2010 ኦራጋዳም ላይ ማምረት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። የቼናይ ድክመት ውኃ ነው። ዝናቡ በማይታመንበት በዚህ አካባቢ በ2010 ሚንጁር ላይ በቀን 100 ሚሊዮን ሊትር የባሕር ውኃ የሚያጣራ ተቋም ሥራ ቢጀምርም፣ በ2019 የከተማዋ ማጠራቀሚያዎች ሲደርቁ ነዋሪው በቦቴ ውኃ ወረፋ ይዞ ታይቷል። የኢንዱስትሪው ጥማትና የቤቱ ጥማት ከአንድ ማጠራቀሚያ ይቀዳሉ።

ፈቃድና ቁጥጥር

ጉጃራት ከ2003 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ያዘጋጀው «ቫይብራንት ጉጃራት» የተባለው የባለሀብቶች ጉባኤ ሌሎቹም ግዛቶች እንዲከተሉት አድርጓል። በእነዚህ መድረኮች የሚፈረሙት የመግባቢያ ሰነዶች አስገዳጅ ስላልሆኑ በሰነዱ የተጻፈው ገንዘብና መሬት ላይ የሚታየው ፋብሪካ በጣም የተራራቁ ናቸው። ይበልጥ ቁም ነገር ያለው ቴላንጋና በ2014፣ ግዛት ሆኖ በተመሠረተበት ዓመት፣ ያወጣው ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት ትልልቅ ፕሮጀክቶች ደንቡን እንደሚያሟሉ ራሳቸው በሚሰጡት ማረጋገጫ ብቻ በ15 ቀን፣ ሌሎቹ በ30 ቀን ውስጥ በአንድ መስኮት አገልግሎት ፈቃድ ያገኛሉ። ፈቃድ በባለሥልጣን ፊት የሚለመን ችሮታ መሆኑ ቀርቶ በቀን ቁጥር የሚጠየቅ መብት ሆኗል ማለት ነው።

ፈጣን ፈቃድ ግን ደካማ ቁጥጥር ሲከተለው ጉዳቱ በነዋሪው ላይ ይወድቃል። በ2009 የማዕከላዊው የብክለት መቆጣጠሪያ ቦርድ ባወጣው ደረጃ በአገሪቱ እጅግ ተበክለዋል ከተባሉት አካባቢዎች የመጀመሪያዎቹ የጉጃራቶቹ አንክሌሽዋርና ቫፒ ነበሩ። በማሃራሽትራ የራትናጊሪ ገበሬዎች በ1993 በተቃውሞ ያስቆሙት የስተርላይት የመዳብ ማቅለጫ በታሚል ናዱዋ ቱቱኩዲ ቦታ አግኝቶ ተተከለ፤ በግንቦት 2018 ብክለቱን ተቃውመው የወጡ 13 ሰዎች በፖሊስ ጥይት ከሞቱ በኋላ ግዛቱ ፋብሪካውን ዘጋው። አንዱ ግዛት የከለከለውን ሌላው ሲቀበል ለምን እንደተከለከለ መጠየቅ ነበረበት።

ኩባንያ ሲሄድ መሠረተ ልማቱ ይቀራል። ኖኪያ በ2006 ስሪፐሩምቡዱር ላይ የከፈተውን ፋብሪካ የታክስ ክርክር ተነሥቶበት በ2014 ቢዘጋም፣ ቦታውን በኋላ የስልክ ቻርጀር አምራቹ ሳልኮምፕ ወስዶታል፤ በዚያው አካባቢም ፎክስኮን የአይፎን ስልኮችን ይገጣጥማል። በሳናንድም የናኖ ምርት በ2018 ቢቆምም ፋብሪካው ሌሎች መኪናዎችን ማምረቱን ቀጥሏል። በአጠገቡ ፎርድ በ2015 የከፈተውንና በኋላ የተወውን ፋብሪካ ታታ በጥር 2023 ተረክቦታል፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካው ቺፕ አምራች ማይክሮን በሳናንድ የሴሚኮንዳክተር መገጣጠሚያና መፈተሻ ግንባታ ጀምሯል።