ሊንክ ማድረግ ምንድን ነው?

«ኮዴ ኮምፓይል አላደርግም አለኝ።» ይህን አቤቱታ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረና «ጋሼ፣ ሄደሩን አስገብቼዋለሁ እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማዝ ዶት ኤች፣ የሒሳብ ፈንክሽኖችን የሚያስተዋውቀው ሄደር ፋይል፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቁጭ ብሏል። ከእኔ በፊት የጠየቀው አዋቂ ግን «ሄደር ረስተሃል፤ ካልሆነም ጂሲሲን አጥፍተህ እንደገና ጫን» ብሎታል። ጂሲሲ በሲ ቋንቋ የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉምልን ኮምፓይለር ነው። ልጁ የወሩን ዳታ ጨርሶ ነው የመጣው።

ስክሪኑ ላይ ያለው «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» ነው፤ የጠፋው ደግሞ የስኩዌር ሩት ፈንክሽን። ኮምፓይለር ሲቆጣ የመስመርና የዓምድ ቁጥር ይጠራል። ይኼኛው የሚያወራው ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ስላለ፣ ስሙ በነጥብ ኦ ስለሚያልቅ ጊዜያዊ ፋይል ነው። ያ ፋይል መፈጠሩ ራሱ ኮምፓይለሩ ሥራውን ጨርሶ እንደሄደ ይመሰክራል። ከታች «ኤልዲ ሪተርንድ 1» ይላል። ኤልዲ የሊንከሩ ስም ነው፤ ሊንከር ማለት ኮምፓይለሩ የተረጎመውን ፋይል ከሚበደራቸው ፈንክሽኖች ጋር የሚያገጣጥም ፕሮግራም ነው፤ ሥራውም ሊንክ ማድረግ ይባላል። ሊንከሩ በስሙ ፈርሞ ሳለ ኮምፓይለሩን መክሰስ ምን የሚሉት ነው? ያላመነ -ሲ (ኮምፓይል ብቻ አድርግ) ጨምሮ ይዘዝ፤ ያ ነጥብ ኦ፣ ማለትም ኦብጀክት ፋይሉ፣ ያለ አንዲት ቅሬታ ተሠርቶ ይወጣል።

ለልጁ በዕድር አስረዳሁት። የሰፈራችን ዕድር መዝገብ ላይ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት ከነልኩ ተጽፏል። ሄደር ፋይል ያ መዝገብ ነው፦ ስኩዌር ሩት የሚባል አለ፣ ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ይቀበላል፣ ደብል ይመልሳል። ድስቱ ግን መዝገቡ ውስጥ የለም። ኮምፓይለሩ መዝገቡን አይቶ ጉልቻውን በልኩ ያዘጋጅና ቦታውን ክፍት ትቶት ይሄዳል። ዕቃ ቤት ሄዶ ድስቱን የሚፈልገው ሊንከሩ ነው። ዕቃ ቤቱ ላይብረሪው፣ ማለትም ተሠርተው የተቀመጡ ፈንክሽኖች ስብስብ፣ ነው፤ -ኤልኤም ማለትም «የሒሳቡን ዕቃ ቤት ክፈትልኝ» ማለት ነው። ስክሪን ላይ የሚጽፈው ፕሪንትኤፍ ያለዚህ ሁሉ የሚሠራው ጂሲሲ ሊብሲን (የሲን መሠረታዊ ላይብረሪ) ሳይነገረው ስለሚጨምር ነው፤ በሩ ሁሌ ክፍት እንደሆነ ጎረቤት።

እንግዲህ መዝገቡን አሥር ጊዜ ቢያነቡት ድስት አይወጣውም። «ሄደር ረስተሃል» ላለው አዋቂ ያልገባው ይህ ነው። መዝገቡ የጠፋ እንደሆነማ ቅሬታው ከኮምፓይለሩ ነው የሚመጣው፣ «ኢምፕሊሲት ዴክላሬሽን» (ሳይተዋወቅ የተጠራ ፈንክሽን) እያለ። ድሮ በማስጠንቀቂያ ያልፈው ነበር፤ ከጂሲሲ 14፣ ከእ.ኤ.አ. 2024 ወዲህ ግን ስህተት ነው ብሎ ያቆማችኋል።

ቅደም ተከተሉም ጣጣ አለው። ኡቡንቱ ላይ -ኤልኤምን ከፋይሉ ስም አስቀድማችሁ ከጻፋችሁ ያው ስህተት ይመለሳል። ሊንከሩ የሚያነበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ምን እንደጎደለ ሳይታወቅ ዕቃ ቤት የተላከ ልጅ ባዶ እጁን ይመጣል።

«እኔ ጋ ያለ -ኤልኤም ይሠራል» የሚል አይጠፋም። ይሠራል፤ ቅንፉ ውስጥ 16 ብለህ በቁጥር ስለጻፍክ ነው። ጂሲሲ መልሱን ራሱ አስልቶ 4ን ይተካና ፈንክሽኑን ሳይጠራው ያልፋል። ቁጥሩን በስካንኤፍ ከኪቦርድ ተቀበልና እንተያይ። የዚህ ተማሪ ነገርም ይኸው ነበር፤ ክፍል ውስጥ በ16 የሠራው ኮድ ማታ ዶርም ውስጥ ከዳው። ማክ ላይ ከሆንክ ደግሞ የሒሳቡ ፈንክሽኖች ከሲስተሙ ላይብረሪ ጋር አብረው ስላሉ ጥያቄው ከነጭራሹ አይነሳም። እዚህ ላይ የዕድሩ ምሳሌ ትንሽ ያነክሳል፤ ያለ ድስት የበሰለ ወጥ አላውቅም።

ሌላም ያድበሰበስኩት አለ። ሊኑክስ ላይ እንደ ልማዱ ሊንከሩ ድስቱን ተሸክሞ አይመጣም፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥ መኖሩን አይቶ አድራሻውን ፕሮግራሙ ላይ ጽፎ ይመለሳል። ድስቱ የሚመጣው ፕሮግራሙ ሲነሳ ነው፤ ኤልዲዲ የሚባለው ትእዛዝ የአድራሻዎቹን ዝርዝር ያሳያችኋል። እኔ በምሠራባቸው ትንንሽ ቺፖች ላይ ግን «በኋላ ይመጣል» የለም። ኤቲሜጋ 328ፒ የተባለው ቺፕ ያለው ፍላሽ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ቦታ) 32 ኪሎባይት ነው፤ የተበደርከው ሁሉ እዚያው ውስጥ ይታጨቃል። አንድ ፕሪንትኤፍ ስንት ቦታ እንደሚበላ ያየ ሰው ሊንከርን በስሙ መጥራት ይለምዳል።

«ኮምፓይል» የሚለው ቃል ታሪክ ግን «ኮምፓይል አላደርግም አለኝ» ለሚል ተከራካሪዬ እንደሚያግዝ አልደብቅም። የኮምፒውተር ባለሙያዋ ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1952 ኤ-0 የተባለ ሥራዋን «ኮምፓይለር» ስትለው፣ ሥራው ቀድመው የተጻፉ ንዑስ ፕሮግራሞችን ከቴፕ ሰብስቦ ማገጣጠም ነበር፤ ዛሬ ሊንከርና ሎደር ለምንላቸው የቀረበ። ልጁ ያኔ ቢሆን ኖሮ «ኮምፓይል አላደርግም አለኝ» ማለቱ ልክ ነበር። ሰባ ዓመት አረፈደ።

ትእዛዙ መጨረሻ ላይ -ኤልኤም ጨመረ፣ 16 አስገባ፣ 4.000000 ወጣ። ስክሪኑን ትንሽ አየውና «ታዲያ ጂሲሲን ለምን አጠፋሁት?» አለኝ። እሱን ያስጠፋህን ጠይቀው አልኩት።