«የማስረዳት ሸክም» ምንድን ነው?

እግዚአብሔር የለም ባዩ ጸሐፊ ክሪስቶፈር ሂችንስና የአይሁድ ሃይማኖት መምህሩ ረቢ ሽሙሊ ቦቲያክ እ.ኤ.አ. በ2008 ኒው ዮርክ ውስጥ ስለ እግዚአብሔር ያደረጉትን ክርክር የተመለከተ አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ሲል ደመደመ፦ «የማስረዳት ሸክሙ የረቢው ነው፤ አልተወጣውም፤ ስለዚህ እግዚአብሔር የለም።» ከችሎት የወጣ ቃል በየክርክሩ እንዲህ ሲጎሳቆል ዝም ብዬ ቆይቻለሁ። አሁን ግን በዛ።

ከሳሽ ማስረዳት እንዳለበት ማንም ያውቃል፤ አልደግመውም። የሚዘነጋው ደንቡ ለምን እንደ ወጣ ነው። ዳኛ «እውነቱን አላወቅሁትም» ብሎ ባለጉዳዮቹን ወደ ቤታቸው መስደድ አይችልም፤ መፍረድ አለበት። ማስረጃው ሳይበቃ ሲቀር ማን ይሸነፍ? የማስረዳት ሸክም የሚመልሰው ይህንን ብቻ ነው። አበድሬአለሁ ያለ ሰው ምስክር አጥቶ ሲሸነፍ ፍርድ ቤቱ «መስጠቱ አልተረጋገጠም» አለ እንጂ «አልሰጠም» አላለም። እውነቱን ይዘው ባዶ እጃቸውን ከችሎት የወጡ ሰዎች አይቻለሁ።

ሸክሙን አንድ ኩንታል ጤፍ አድርጋችሁ ቁጠሩት። ከሳሽ ተሸክሞት ይገባል። ውሉን ካሳየና ተከሳሹ «ዕዳውን ከፍያለሁ» ካለ፣ ኩንታሉ ወደ ተከሳሹ ትከሻ ይዞራል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2001 ግዴታው አለ የሚለው መኖሩን፣ ቀርቷል የሚለው ደግሞ መቅረቱን እንዲያስረዳ ያዛል። ሲመሽ ዳኛው ኩንታሉ ማን ላይ እንደ ቀረ አይቶ ይፈርዳል። (በወንጀል ጉዳይ ኩንታሉ ራሱ ይከብዳል። ማን ያስረዳ የሚለውና ምን ያህል ያስረዳ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ይህንንም ጠበቆች ሳይቀሩ ያምታቱታል።) በክርክር አዳራሽ ግን አይመሽም። ፍርድ የሚሰጥበት ቀን የለም፤ ረቢው አለ ቢሉም ቀጠሮው የእኛ አይደለም።

«የሌለን ነገር ማስረዳት አይቻልም» የሚለውም የዚያው አስተያየት ሰጪ ነው። እንዴት አይቻልም? «በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበርሁም» ያለ ተከሳሽ ሌላ ቦታ እንደ ነበረ በምስክር ያስረዳል። «አልተረዳሁም፣ አላመንሁም» የሚል ሰው ምንም አይሸከምም። «የለም» ብሎ አፉን ሞልቶ የተናገረ ግን ኩንታሉን በገዛ እጁ አንሥቷል። ሂችንስ ራሱ ያለ ማስረጃ የተባለ ነገር ያለ ማስረጃ ሊጣል ይችላል ይል ነበር፤ መጣልና ሐሰት መሆን አንድ አይደሉም።

የሚገርመው፣ ደንቡ የረቢዎቹም መሆኑ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ መጽሐፍ ታልሙድ ባባ ቃማ በተባለው ክፍሉ አንድ ጉዳይ ያነሣል፦ በሬ ላም ወጋ፤ ጥጃዋ ሞቶ ከአጠገቧ ተገኘ፤ ከመወጋቷ በፊት ትውለደው፣ በመወጋቷ ትጨንግፈው አይታወቅም። ጠቢባኑ ከሌላው ሰው ገንዘብ የሚጠይቅ እርሱ ያስረዳ አሉ። ለዚህስ ጥቅስ ምን ያስፈልጋል፣ ያመመው ሰው አይደለም ወይ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደው፣ የሚልም አለ። ሱምኮስ የተባለው ሊቅ ግን የሚያጠራጥር ገንዘብ ይካፈሉት ባይ ነው። የጥጃ ዋጋ ለሁለት ይከፈላል፤ የሂችንስና የረቢው ጭብጥ እንዴት እንደሚከፈል ግን አልታየኝም።