ስለ ቃኚ ወታደሮች ስልጠና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ከአጎቴ ልጅ ጋ ስለ ቃኚ ወታደሮች ስንከራከር አመሸን፣ እሱ የሚያውቃቸው ከአክሽን ፊልም ነው፣ ግን የሚለውን ብዙ ሰው ስለሚለው ልጻፈው ብዬ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

"ቃኚ ማለት ሁሉንም ተኩሶ የሚጨርስ ኮማንዶ ነው"

ኧረ በጭራሽ! ቃኚ ተኮሰ ማለት ብዙ ጊዜ ነገሩ ተበላሽቷል ማለት ነው፣ አምስት ስድስት ሆነህ ጠላት መሀል ገብተህ ከተሰማህ የሚቀርህ እግሬ አውጪኝ ነው። ስራው አይቶ ቆጥሮ ሳይታዩ መመለስ ነው። በ1942 ሊቢያ ውስጥ የእንግሊዝ ጦር የበረሃ ቃኚዎች ከትሪፖሊ ወደ ቤንጋዚ በሚወስደው መንገድ ዳር ሁለት ሁለት እየሆኑ ተኝተው፣ ቀን ራቅ ብለው ማታ ደግሞ መንገዱ አጠገብ ድረስ ተጠግተው፣ የሚያልፈውን መኪናና ታንክ ለወራት ሲቆጥሩ ነበር። መቁጠር ብቻ!

ለዚህ ነው ስልጠናው ላይ ዓይንና ጭንቅላት የሚፈተነው። ጠረጴዛ ላይ ጥይት፣ ቁልፍ፣ ባትሪ፣ የሲጋራ ፓኮ ምናምን ይደረድሩና ትንሽ አሳይተውህ በጨርቅ ይሸፍኑታል፣ ከዛ ፑሽ አፕ ያሰሩህና ገና ትንፋሽህ ሳይመለስ ምን ነበር ይሉሃል። "ቁልፍ" ብትል አይበቃም፣ ቀለሙስ፣ ከምን አጠገብ ነበር? ሪፖርትም እንደዛው ነው፦ ስንት ናቸው፣ ምን እየሰሩ ነው፣ የት፣ የማን ጦር ናቸው፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ይዘዋል። "ብዙ ወታደር አየሁ" የሚባል ሪፖርት የለም።

"ጡንቻ ያለው ያልፋል"

ጉልበትማ ያስፈልጋል። አሜሪካኖቹ በ1966 ቬትናም ናትራንግ ላይ የከፈቱት የሪኮንዶ (የቃኚዎች) ትምህርት ቤት ሶስት ሳምንት ነበር፣ 13 ኪሎ ተኩል ገደማ አሸዋ ቦርሳህ ውስጥ ተሸክመህ 11 ኪሎ ሜትር በ90 ደቂቃ ትጨርሳለህ። ግን እሱን የጨረሰም ካርታ ካላነበበ፣ ራዲዮ ካልቻለ፣ ቁስል ማሰር ካላወቀ ጓደኞቹን ነው የሚያስፈጀው። የመጨረሻው ፈተና ደግሞ እውነተኛ ጠላት ያለበት ጫካ ገብቶ መውጣት ነበር፣ ኩረጃ የለም እዛ።

ትንንሾቹ ነገሮች ናቸው እኔን የሚገርሙኝ። ከመውጣታቸው በፊት ትጥቃቸውን እንደታጠቁ ይዘላሉ፣ የሚንኳኳ ነገር ከተሰማ በፕላስተር ይጠቀለላል። ሳሙና ይሸታል ተብሎ ገላም በሳሙና አይታጠቡም። በጨለማ ርቀት የሚለካው እርምጃ በመቁጠር ነው፣ 100 ሜትር በሄድክ ቁጥር ክር ላይ አንድ ዶቃ ትስባለህ፣ መቁጠሪያ በለው።

"እስኪሞቱ ካላሰቃዩዋቸው አይጠነክሩም"

ይሄኛው ያናድደኛል። በሐምሌ 2013 ዌልስ ውስጥ ብሬከን ቢከንስ ተራራ ላይ ለእንግሊዝ ልዩ ኃይል ምርጫ ሲፈተኑ ሶስት ተጠባባቂ ወታደሮች በሙቀት ሞተዋል፣ የ26 ኪሎ ሜትር ጉዞ ነበር፣ በኋላም በምርመራ ቸልተኝነት ለሞታቸው አስተዋፅኦ አድርጓል ተብሏል። ምኑ ነው ጥንካሬው?

"ድሮን እያለ ቃኚ ለምን?"

እዚህ ላይ ግማሽ ልክ ነው። አሜሪካም በ2017 ገደማ የረጅም ርቀት ቃኚ የሻምበል ጦሮቿን በትናለች። ግን ጭጋግ ሲወርድ፣ ደኑ ሲጠቀጠቅ ወይ ሲግናሉ ሲታፈን ድሮኑ አያይም፣ ዶቃውን እየሳበ የሚሄድ ሰው ነው ያኔ የሚላከው።