የጭንቀት መድኃኒትን በሐኪም እርዳታ ቀስ በቀስ መቀነስ ምንድን ነው?

ቀስ በቀስ መቀነስ የሚባለው፣ ቤንዞዳያዜፒን በሚል የጋራ ስም የሚታወቁትን እንደ ዳያዜፓም፣ አልፕራዞላምና ሎራዜፓም ያሉ የጭንቀትና የእንቅልፍ መድኃኒቶች እንደታዘዘለት፣ ከታዘዘለት በላይ ወይም ያለ ትእዛዝ ሲወስድ የቆየ ሰው፣ በሐኪም ክትትል መጠኑን በሳምንታትና በወራት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እያወረደ የሚያቆምበት ሕክምና ነው። ብዙ ሰው መድኃኒቱ እንደያዘው የተረዳ ዕለት የሚያስበው የቀሩትን ክኒኖች ጥሎ ጥርሱን ነክሶ መቻልን ነው፤ በእነዚህ መድኃኒቶች ረገድ ግን እንዲህ ያለው ቁርጠኝነት ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

ምክንያቱ አንጎል ውስጥ ነው። ጋባ የሚባለው ኬሚካል የነርቭ ሕዋሳትን እንቅስቃሴ ያረግባል፤ መድኃኒቶቹም የእርሱን ሥራ ያጠናክራሉ። ይህ ድጋፍ በየቀኑ ለሳምንታት ሲደርሰው አንጎል ራሱን ከሁኔታው ጋር ያስማማል፣ ለጋባ የሚሰጠው ምላሽም ይዳከማል። ድጋፉ በአንድ ጊዜ ሲነሳ ሕዋሳቱ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ይሆናሉ፤ እንቅልፍ ይጠፋል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ጭንቀቱም ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል። ሲከፋ ደግሞ መላ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ፣ አንዳንዴም ለሞት የሚያደርስ መናድ ይመጣል። እንደ አልፕራዞላም ያሉ ከሰውነት ቶሎ የሚወጡ መድኃኒቶች ምልክቱን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊያሳዩ ሲችሉ፣ ዳያዜፓም ግን ዘግይቶ ስለሚወጣ ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ቀን ሊቆይ ይችላል። አንዳንድ ሐኪሞች ታካሚውን በቅድሚያ ወደ ዳያዜፓም የሚያዛውሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለሐኪም መናገር የሚያሳፍረው ሰው አንድ ነገር ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱና ሱስ አንድ አይደሉም፣ በትክክል የታዘዘለትን ብቻ የወሰደ ሰውም ሊለምደው ይችላል። ዳያዜፓም እ.ኤ.አ. በ1963 ገበያ ላይ ሲውል ከቀደሙት ማስታገሻዎች የተሻለ ተደርጎ በሰፊው ታዝዟል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ጥገኝነትና ስለ ማቆም ምልክቶች ከፍተኛው ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ እንዲሰፍር አዝዟል።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር እውነተኛው መጠን ነው። በቀን ስድስት ክኒን የሚውጥ ሰው አፍሮ ሁለት ቢል፣ ሐኪሙ ዕቅዱን ከሁለት ይጀምራል፤ ይህም በድንገት ከማቆም የማይሻል ውጤት ሊያስከትል ይችላል። ከመጠኑ ጋር ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደተወሰደ፣ ከዚህ በፊት መናድ አጋጥሞ እንደሆነ፣ እርግዝና ካለም መነገር አለበት። በአገራችን አንድ ልዩ ጥያቄ ይጨመራል፤ ከጫት በኋላ ምርቃናውን ለመስበርና ለመተኛት ዳያዜፓም የሚወስዱ፣ ለጨብሲውም መጠጥ የሚደርቡበት አሉና። መጠጥና ዳያዜፓም አንድ ላይ ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ፣ ሐኪሙ ይህን ሳያውቅ የሚያወጣው ዕቅድ ጎዶሎ ነው።

ዕቅዱ ራሱ የሒሳብና የትዕግሥት ሥራ ነው። የተለመደው መነሻ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ካለው መጠን ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ነው። ለምሳሌ በቀን 20 ሚሊግራም ዳያዜፓም የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ወደ 18 ሊወርድ ይችላል፤ ይህም አንድ ባለ 10 እና አራት ባለ 2 ሚሊግራም ክኒን ማለት ነው። ምልክቱ ከበረታ እዚያው መጠን ላይ ይቆያል እንጂ ታካሚው ወድቋል አይባልም። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሚሊግራሞች ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ይከብዳሉ። ከመጠን በላይ ለመዋጥ የሚፈተን ሰው፣ የአንድ ወር ክኒን በእጁ ከሚይዝ የጥቂት ቀናት ብቻ እየተሰጠው ቢከታተል ይሻለዋል፤ ከቤተሰብ የሚያምነው ሰው እንዲያስቀምጥለት ማድረግም ይቻላል። ክኒኑ የሸፈነው ጭንቀት አብሮ ካልታከመ መቀነሱ ብቻውን አይዘልቅም፤ ስለዚህ ሐኪሙ የንግግር ሕክምና ወይም ልማድ የማያስይዝ ሌላ መድኃኒት ሊጨምር ይችላል።

ቀድሞ መናድ ያጋጠመው፣ መጠጥ በብዛት የሚጠጣ ወይም እጅግ ከፍተኛ መጠን የሚወስድ ሰው ግን ከቤቱ ይልቅ ሆስፒታል ተኝቶ ቢጀምር ይመረጣል። በመቀነሱ መካከል መናድ፣ የሌለ ነገር ማየት ወይም ጊዜና ቦታን ማምታታት ከታየ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም፤ በሽተኛውን ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚወስደው ሰው የክኒኑን ማሸጊያ ይዞ፣ የመጨረሻው ክኒን መቼ እንደተዋጠ ለሐኪሙ መንገር አለበት።