«ልብ በልብ ላይ ታተመ»፦ ከቻይና ማኅተም የተወለደ አባባል

ቻይናውያን ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ሲግባቡ «ሺን ሺን ሺያንግ ዪን» ይላሉ። «ሺን» ልብ ነው፣ «ዪን» ደግሞ ማኅተም፤ ልብና ልብ እርስ በርስ ታተሙ እንደ ማለት ነው። ዛሬ አባባሉ በይበልጥ የሚነገረው ለፍቅረኞችና ለባልና ሚስት ነው።

ሥሩ ግን ገዳም ውስጥ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኋንግቦ ሺዩን የተባለ የቻን (ጃፓኖች ዜን የሚሉት የቡድሃ እምነት ዘርፍ) መምህር፣ የቡድሃ ትምህርት ለደቀ መዝሙሩ ለካሽያፓ ከተሰጠ ወዲህ «ልብን በልብ በማተም» ሲተላለፍ መጣ ብሎ አስተማረ። ቃሉን የጻፈለት ፔይ ሺዩ የተባለ የመንግሥት ሹም ነው።

ለምን ማኅተም? ማኅተም ሺህ ጊዜ ቢመታ ከተቀረጸበት ድንጋይ ፊደል አይጎድልም፤ መምህርም ስለ ሰጠ አይጎድልበትም። ኋንግቦ ግን ይቀጥላል፦ ማኅተሙ ባዶው ላይ ቢመታ ፊደል አይወጣም፤ ቁስ ላይ ቢመታ ደግሞ ትምህርቱ ትምህርት አይሆንም። የልብን ማኅተም የሚቀበለው ልብ ብቻ ነው ማለቱ ነው። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ቃል ነው።

እንዲህም ሆኖ አንድ ድንጋይ ከሐሳቤ አይወጣም። ጃው ዢቺየን (1829–1884 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ቻይናዊ ሠዓሊና ማኅተም ቀራጭ ነበር። በ1862 እሱ ከቤቱ ርቆ ሳለ ሚስቱና ልጁ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ራሱን «የሐዘን ጎጆ» ብሎ ጠራ። በ1864 በቀረጸው ማኅተም ፊት ላይ አራት ፊደላት አሉ፤ ትርጉማቸው «ቅዱስ ቃሉን እየተመገቡ ዕድሜን ማቆየት» ነው። በድንጋዩ ጎን የቡድሃን ምስል ቀረጸ፤ ራሱን «የቡድሃ ደቀ መዝሙር» ብሎም ጸሎት ጻፈ፦ ለሟች ሚስቱ ለፋን ጂንግዩና ለሟች ልጁ፣ መከራቸው ሁሉ ተወግዶ በንጹሑ ምድር (በቡድሃ አማኞች ዘንድ ከሞት በኋላ በሚወለዱበት የደስታ ዓለም) እንዲወለዱ።

የማኅተም ጎን ላይ የሚጽፍ ቀራጭ ብዙውን ጊዜ ፊደሉን ወደ ውስጥ ይቦረቡራል። ጃው ግን ዙሪያውን ጠርቦ ፊደሉን ከፍ አድርጎ አወጣው። በቻይና በሎንግመን ዋሻዎች በ498 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አንድ መነኩሴ ለሟች አባቱ ያሠራው የቡድሃ ሐውልት ጽሑፍ እንዲሁ ከፍ ብሎ የተቀረጸ ነው። ለሙታን የሚጸለይበትን የጥንቱን መንገድ በመዳፍ ወደሚያዝ ድንጋይ አመጣው።

ቀይ ቀለሙ የሚነካው የማኅተሙን ፊት ብቻ ነው፤ ወረቀት ላይም የሚወጡት እነዚያ አራት ፊደላት ናቸው። ጎኑ ላይ ያለው ጸሎት ቀለም አይነካውም። ማኅተሙን ለመምታት ያነሳ ሰው ግን ጣቶቹ የሚያርፉት እዚያው ጎን ላይ ነው።