ስለ አሜቲስት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜቲስት ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የከበረ ድንጋይ፣ ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ዓይነት ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢዎች አሜቴስጢኖስ በሚለው ስሙ ያውቁታል። ስካር ይከለክላል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ክፉ መንፈስ ያርቃል፣ በሽታ ይፈውሳል ተብሎ ብዙ ተነግሮለታል። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህን ማን አለ? መቼስ አለ?» ብዬ ነው። በአሜቲስት ጉዳይ መልሱ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል።

«የአሜቲስት ተረት የጥንት ግሪኮች ነው»

ተረቱ የወይን አምላኩ ባኮስ አሜቲስት የምትባል ልጃገረድን እንዳሳደዳት ይናገራል። ዲያና የተባለችው አምላክ ልታድናት ወደ ድንጋይ ለወጠቻት፤ ባኮስም ወይን ሲያፈስባት ድንጋዩ ቀለም ያዘ። ደስ የሚል ተረት ነው፤ ግን ጥንታዊ አይደለም። የጻፈው ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሬሚ ቤሎ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1576።

ከጥንት የመጣው ድንጋዩ ስካርን ይከለክላል የሚለው እምነት ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን በዚያው ዘመን የተጠራጠሩት ነበሩ። በአንደኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ ስለ ድንጋዮች ሲጽፍ ነገሩን የአስማተኞች ውሸት ብሎታል። አልኮል ከጨጓራና ከትንሹ አንጀት ወደ ደም የሚገባ ነገር ነው፤ ጣት ላይ ያለ ቀለበትም ሆነ የተጠጣበት ዋንጫ አያግደውም።

«መጽሐፍ ቅዱስ ለድንጋዩ ኃይል ይመሰክራል»

ይህ ከልብ ለሚያምኑ ሰዎች የሚነገር ስለሆነ ጥቅሱን ገልጦ ማየት ይገባል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 አሜቴስጢኖስ በሊቀ ካህናቱ የደረት ኪስ ላይ ከተደረደሩት አሥራ ሁለት ድንጋዮች አንዱ ነው። በድንጋዮቹ ላይ የእስራኤል ነገዶች ስም ተቀርጿል፤ አሮን ወደ መቅደሱ ሲገባ ስማቸውን በልቡ ላይ ይሸከማል። ምዕራፉ ራሱ ምክንያቱን ሲናገር «መታሰቢያ» ይላል። በዮሐንስ ራእይ 21 ደግሞ አሜቴስጢኖስ የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ቅጥር አሥራ ሁለተኛ መሠረት ሆኖ ተጠቅሷል። በሁለቱም ቦታ ክብርና ውበት አለ። ድንጋዩ ሕመም ይፈውሳል፣ አንገት ላይ ቢታሰር ይጠብቃል የሚል ቃል ግን የለም። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት የአሜቲስት ቀለበት ማድረጋቸውም የልማድና የምልክት ጉዳይ ነው።

«የየካቲት ልደት ድንጋይ መሆኑ ጥንታዊ ምሥጢር ነው»

የልደት ድንጋይ ማለት ሰው ለተወለደበት ወር የተመደበ ድንጋይ ነው። ድንጋይን ከወራት ጋር የማዛመድ ሐሳብ ዕድሜ ጠገብ ነው። ዛሬ በየጌጣጌጥ መደብሩ የሚታየው፣ አሜቲስትን ለፌብሩዋሪ (ለየካቲት ገደማ) የሰጠው ዝርዝር ግን አሜሪካውያን የጌጣጌጥ ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1912 በማኅበራቸው ተስማምተው ያወጡት ነው።

«የተረገመ አሜቲስት አለ»

ለንደን ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም «የዴልሂ ሐምራዊ ሰንፔር» የሚባል ድንጋይ ተቀምጧል። ሰንፔር ይባል እንጂ አሜቲስት ነው። ባለቤቱ ኤድዋርድ ሄሮን-አለን እ.ኤ.አ. በ1904 በጻፈው ደብዳቤ፣ ድንጋዩ በ1857ቱ የሕንድ አመፅ ጊዜ ካንፑር ከተማ ከሚገኝ የሂንዱ አምላክ ኢንድራ ቤተ መቅደስ እንደተዘረፈ፣ የያዘውም ሁሉ መከራ እንደደረሰበት ይናገራል። አስፈሪ ነው፤ ሆኖም የእርግማኑ ምንጭ ይኸው ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1921 በብዕር ስም ስለ ድንጋዩ ልብ ወለድ ታሪክ አሳትሟል። እርግማኑንም ለታሪኩ ማጣፈጫ ፈጥሮታል ብለው የሚጠረጥሩ ብዙ ናቸው። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

«ክሪስታል ስለሚንቀጠቀጥ ሰውነትን ያስተካክላል»

ይህ አባባል የሚያሳምነው እውነት ስለተቀላቀለበት ነው። ወንድማማቾቹ ዣክ እና ፒየር ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1880 ኳርትዝን የመሰሉ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው የኤሌክትሪክ ሙሌት እንደሚፈጥሩ አሳይተዋል። የእጅ ሰዓት ውስጥ ያለችው የኳርትዝ ቁራጭ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ይህ የሚሆነው ግን ባትሪ ኤሌክትሪክ ሲሰጣት ነው። ትራስ ሥር የተቀመጠ አሜቲስት ባትሪም የኤሌክትሪክ ዑደትም የለውም።

«እኔ ግን ይሰማኛል» የሚሉ ሰዎች አይዋሹም። የለንደኑ ጎልድስሚዝስ ኮሌጅ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ክሪስቶፈር ፍሬንች ለአንዳንዶች እውነተኛ ክሪስታል፣ ለሌሎች የውሸቱን አስይዞ ነበር። ሙቀትና መንዘር የመሰለው ስሜት በሁለቱም ወገን ታየ። ሰው አስቀድሞ የተነገረውን ነገር ሲጠብቅ ሰውነቱ በእርግጥ ይሰማዋል፤ የስሜቱ መነሻ ግን ድንጋዩ አይደለም።

«ኃይሉን ለማደስ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው»

ይህ ምክር ድንጋዩን ይጎዳል። የአሜቲስት ቀለም የሚመጣው በውስጡ ካለ ጥቂት ብረትና መሬት ውስጥ ለረጅም ዘመን ካገኘው የተፈጥሮ ጨረር ነው፤ አንዳንዱ አሜቲስት ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይደበዝዛል። በእቶን ሲጋል ደግሞ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ገበያ ላይ ሲትሪን እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው ድንጋይ እንዲህ የተጋለ አሜቲስት ነው።

«ድንጋይ የነከሩበት ውሃ መድኃኒት ነው»

ንጹሕ አሜቲስት በውሃ የማይሟሟ ሲሊካ ስለሆነ ለውሃው የሚጨምረው ነገር የለም። ልማዱ ወደ ሌሎች ድንጋዮች ሲሻገር ነው አደጋው፦ ማላካይት መዳብ፣ ጋሌና እርሳስ፣ ሲናባር ደግሞ ሜርኩሪ አለበት። እነዚህ የነበሩበት ውሃ በፍጹም መጠጣት የለበትም።